ጭንቀት ራስ ላይ ሲወጣ

«ራሴን በገመድ የታሰረ ያህል ይወጥረኛል።» «አናቴ ላይ ጉንዳን ይርመሰመስብኛል።» «ውስጡን ያቃጥለኛል፤ ፍም የተቀመጠበት ይመስለኛል።» እንዲህ እያሉ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ተመርምረው በሽታ ሲታጣ «ምንም የለብህም» ተብለው ይመለሳሉ። ይህ አነጋገር ልክ አይመስለንም። ሰውየው የተናገረው የተሰማውን ነው። አልዋሸም፤ አላበደምም። ታዲያ ስሜቱ ከየት መጣ?

እስቲ ሰው ሲደነግጥ በሰውነቱ ውስጥ የሚሆነውን እንመልከት። ማታ በመንገድ ስንሄድ ጅብ ድንገት ብቅ ቢልብን ልባችን ይመታል፤ ትንፋሻችን ይፈጥናል፤ ጡንቻችን ይወጠራል። ከኩላሊቶቻችን በላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ቅመም ወደ ደም ይለቃሉ። ይህ ሁሉ ለመሮጥ ወይም ለመታገል የሚያዘጋጀን ነው። ጅቡ ሲሄድ ሰውነታችን ይረጋጋል። የዕዳ፣ የልጅ ሕመም፣ የመሬት ክርክር ጭንቀት ግን እንደ ጅቡ ትቶን አይሄድም። አብሮን ያድራል። ሰውነታችንም ዘብ እንደ ቆመ ይከርማል።

ያን ጊዜ የአንገት፣ የመንጋጋና የራስ ጡንቻዎች ሳናውቀው ተወጥረው ይውላሉ። እጃችንን ቀኑን ሙሉ ጨብጠን ብንውል ያመን የለም? ራስም እንደዚሁ ነው። በገመድ የታሰረ የሚመስለን ከዚህ የተነሣ ነው። አንጎል ራሱ እኮ ሕመም አይሰማውም፤ የሚሰማቸው በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች፣ የደም ሥሮችና ሽፋኖች ናቸው።

ማዞሩና መደንዘዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከትንፋሽ ይመጣል። የተጨነቀ ሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ከመጠን በላይ ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ይቀንሳል፤ የአንጎል የደም ሥሮችም ይጠባሉ። ራስ ቅልል ይላል፤ ዓይን ብዥ ይላል፤ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል። ሰውየው አየር ያጠረው ስለሚመስለው ይበልጥ ይተነፍሳል፤ ያኔማ ይብስበታል።

ከሁሉ የሚከፋው ፍርሃቱ ነው። «አንጎሌ ውስጥ አንድ ነገር በቅሎብኛል» ብሎ የፈራ ሰው ቀን ከሌት ራሱን ያዳምጣል። የተደመጠ ነገር ደግሞ ይጎላል። የጆሮ ጩኸት በሌሊት ጸጥታ የሚበረታው በዚህም ምክንያት ነው። ራጅ ለመነሣት በሬውን ሸጦ ከተማ የሚገባ አለ። «ደኅና ነህ» ሲባል ጥቂት ቀን ይሻለዋል፤ ዕዳው ትዝ ሲለው ይመለስበታል፤ አሁን ደግሞ በሬውም የለም። ሌላው ክኒን ያዘወትራል። የሕመም ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከተዋጠ ግን ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

ስሜቱ ሲነሣ ቁጭ ብለን፣ ትከሻችንንና መንጋጋችንን አላልተን፣ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠርን አየር እንሳብ፤ እስከ 6 እየቆጠርን ቀስ ብለን እናስወጣ። 5 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ቡናና ጫት ሲበዛ የልብ ምትን ያፈጥናል፤ መቀነስ ይጠቅማል። (ቡና የለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢተው ግን ለጥቂት ቀናት ራሱን ያመዋል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ ይሁን።) ጭንቀቱን ለሚያምኑት ሰው መንገርም ሸክም ያቀላል። ሳምንታት ቆይቶ እንቅልፍና ሥራ ከነሣ ሕክምና አለው፤ በምክርም በመድኃኒትም ይረዳል።

ራስ ላይ የሚሰማ ሁሉ ግን ጭንቀት አይደለም። ራስ ምታቱ ከትኩሳት ጋር መጥቶ አንገት ከደረቀ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። እንደ መብረቅ በድንገት የመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፣ ራስን ከተመቱ በኋላ ማስመለስ፣ በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ከዓይን ብዥታ ጋር የመጣ ራስ ምታት፤ እነዚህ በታዩ ጊዜ «እስኪነጋ ልየው» ሳይባል በሽተኛው ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ይወሰድ።