ያውቁ ኖሯል? አብሽና የሴቶች የወሲብ ፍላጎት

በጆሃንስበርግ ሰሜን፣ ከቴምቢሳ ጎን ባለችው አይቮሪ ፓርክ ሱቅ ላይ ውላ ለምትገባ ኢትዮጵያዊት አብሽ እንግዳ አይደለም። ይኸው ፍሬ ግን ለወሲብ ፍላጎት መቀነስም ተሞክሯል። በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከተሳተፉት 80 ሴቶች አንዱ ቡድን ለሁለት የወር አበባ ዑደት በየቀኑ 600 ሚሊ ግራም የአብሽ ጭምቅ ወሰደ፤ ሌላው ባዶ እንክብል። ጭምቁን የወሰዱት ፍላጎታቸው ተሻሻለ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ጭምቁም ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ መራራው ውሃ ተደፍቶና ተመትቶ ከሚጠጣው አብሽ ጋር አንድ አይደለም።

ዙሉዎች ደግሞ ኡሞንዲ የሚሉት፣ ቫኒላ ቫኒላ የሚሸት ሥር አላቸው። ለፍላጎት ማነሳሻ ይታኘካል፤ ምርምሩ ግን በአብዛኛው በወንድ አይጦች ላይ ነው። የሴቷ ነገር እዚህ ላይ ተረስቷል!

ከሥራ ሥር ፍለጋ በፊት የሚዋጠውን ክኒን ማየት ይበጃል፦ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ፍላጎትን ይቀንሳሉ። ጡት ማጥባት፣ ማረጥ፣ ድካምና ከባል ጋር መኮራረፍም እንዲሁ። የስኳር ወይም ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስድ ሴት አብሽን በብዛት ከመጀመሯ በፊት ሐኪሟን ታማክር፤ ነፍሰ ጡር ደግሞ ጭምቁን ትተወው።