አራቱን የሒሳብ ዝምድና ዓይነቶች ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ማስተማር

በሒሳብ ትምህርት ዝምድና የሚባለው የአንድን ስብስብ አባሎች ከሌላ ስብስብ አባሎች ጋራ በታወቀ ደንብ ማጣመር ነው። ይህም ማጣመር አራት ዓይነት መልክ አለው፤ እነርሱም አንድ ለአንድ፣ ብዙ ለአንድ፣ አንድ ለብዙና ብዙ ለብዙ ይባላሉ። ስሞቹ አጫጭር ስለ ሆኑ ተማሪው በአንድ ቀን ሊያጠናቸው ይችላል። ነገር ግን ስሙን ማጥናትና ዝምድናውን ለይቶ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አራቱን ስሞች አከታትሎ የሚጠራ ተማሪ አዲስ ዝምድና ሲቀርብለት «ብዙ ለአንድ» የሚለውን ከ«አንድ ለብዙ» ጋራ ቢያደባልቅ ጉዳቱ በዚያ ቀን ፈተና ብቻ አይቀርም። ከፍ ባሉት ክፍሎች የሚጠብቀው የፈንክሽን ትምህርት በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነውና።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አሳብ አንድ ነው። ይኸውም ተማሪው አራቱን ስሞች በቃሉ እንዲይዝ ከማድረግ ይልቅ ሁለት ጥያቄዎችን እንዲጠይቅ ብናስለምደው፣ አራቱን ዓይነቶች ራሱ ፈልጎ ያገኛቸዋል የሚል ነው።

1. ሁለቱ ጥያቄዎች

አስተማሪው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ክቦች ይሥላል፤ በግራው ክብ የመጀመሪያውን ስብስብ፣ በቀኙ ክብ ሁለተኛውን ስብስብ ይጽፋል። ከዚያም የሚዛመዱትን አባሎች ከግራ ወደ ቀኝ በቀስት ያገናኛል። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ተማሪዎቹ የሚጠይቁት እንዲህ ነው።

አንደኛ፤ በግራ ካሉት አባሎች መካከል ሁለት ወይም ከዚያ የበዙ ቀስቶች የሚወጡበት አለን?

ሁለተኛ፤ በቀኝ ካሉት አባሎች መካከል ሁለት ወይም ከዚያ የበዙ ቀስቶች የሚገቡበት አለን?

ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ «የለም» ከሆነ ዝምድናው አንድ ለአንድ ነው። ለመጀመሪያው «የለም»፣ ለሁለተኛው «አለ» ከሆነ ብዙ ለአንድ ነው። ለመጀመሪያው «አለ»፣ ለሁለተኛው «የለም» ከሆነ አንድ ለብዙ ነው። ለሁለቱም «አለ» ከሆነ ብዙ ለብዙ ይባላል። ሁለት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ሁለት መልስ ስላላቸው ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ይሆናል። አምስተኛ ዓይነት የማይኖረውም ስለዚህ ነው። ተማሪው ይህን ሲያስተውል አራቱ ስሞች ከመጽሐፍ የመጡ መሆናቸው ይቀርና ከራሱ መልስ የመነጩ ይሆኑለታል።

2. ከቤተሰብ ዝምድና መነሣት

በአማርኛ «ዝምድና» የሚለው ቃል ተማሪው ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያውን ምሳሌ ከዚያው መውሰድ ይገባል። ይሁን እንጂ ያለ አባት ያደገ ልጅ በክፍል ውስጥ እንዳያፍር፣ የተማሪዎቹን ቤተሰብ ከመጠየቅ ይልቅ የታሰበ ቤተሰብ ማቅረብ ይሻላል። አቶ ተሰማ የሚባሉ ሰው ከበደ፣ አበበና ታደሰ የሚባሉ ሦስት ወንዶች ልጆች አሏቸው እንበል።

«የእገሌ ልጅ ነው» በሚለው ደንብ ከሦስቱ ልጆች ወደ አባታቸው ቀስት ብንሥል፣ ከእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቀስት ብቻ ይወጣል፤ ነገር ግን ሦስቱም በአቶ ተሰማ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ብዙ ለአንድ ነው። ደንቡን «የእገሌ አባት ነው» ብለን ብንገለብጠው፣ ያው ቤተሰብ አንድ ለብዙ ይሆናል። «የእገሌ ወንድም ነው» ብንል ደግሞ ከእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ቀስቶች ይወጣሉ፣ ወደ እያንዳንዱም ሁለት ይገባሉ፤ ብዙ ለብዙ ማለት ነው።

ሰዎቹ ሳይለወጡ ስሙ ሦስት ጊዜ ተለወጠ። ስለዚህ የዝምድናው ዓይነት የሚወሰነው በሰዎቹ ማንነት ብቻ ሳይሆን በደንቡና በቀስቱ አቅጣጫ ጭምር ነው። አቅጣጫው ሲገለበጥ የሁለቱ ጥያቄዎች መልሶች ቦታ ይለዋወጣሉ። ብዙ ለአንድ የነበረው አንድ ለብዙ የሚሆነው፣ አንድ ለአንድና ብዙ ለብዙ ግን ስማቸውን ሳይለውጡ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

3. ከፊደላችን የሚገኝ ምሳሌ

የአቅጣጫን ነገር ከሁሉ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው የገዛ ፊደላችን ነው። በግራው ክብ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፣ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ የሚሉትን 10 ፊደላት እንጻፍ። በቀኝ የምናኖረው እነዚህ ፊደላት በዛሬው አማርኛ የሚነበቡባቸውን 2 ድምፆች ነው። ከፊደል ወደ ድምፅ ቀስት ስንሥል የመጀመሪያዎቹ 6 ፊደላት በአንድ ድምፅ፣ የቀሩት 4 በሌላው ድምፅ ላይ ይገናኛሉ። ዝምድናው ብዙ ለአንድ ስለ ሆነ፣ ከእነዚህ ፊደላት አንዱን ያየ አንባቢ በድምፁ አይጠራጠርም።

አስተማሪው ቃል እየጠራ ሲያስጽፍ ግን ጉዞው ከድምፅ ወደ ፊደል ነው፤ ይኸውም አንድ ለብዙ ነው። «ዓለም» የሚለውን ቃል የሰማ ልጅ የመጀመሪያውን ፊደል በ4 መንገድ ሊጽፈው ይችላል። «ፀሐይ» ሲባል ደግሞ ለመጀመሪያው ድምፅ ጸና ፀ፣ ለሁለተኛው ከላይ የተዘረዘሩት 6 ፊደላት ስላሉለት፣ 2 ጊዜ 6፣ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይገኛል። ማንበብ የማያስቸግረው ልጅ በጽሕፈት የሚቸገርበትን አንዱን ምክንያት እነሆ በሒሳብ ቋንቋ ገለጽነው።

ከፊደል ወደ ሙሉ ቃል ብናልፍ ነገሩ ይሰፋል። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ፣ «ገና» የሚለው ጽሑፍ ሲጠብቅ የበዓሉ ስም፣ ሲላላ «እስካሁን ያልሆነ» ማለት ነው። «ዋና»ም እንዲሁ ሁለት ንባብ አለው። እንግዲህ አንድ ጽሑፍ ሁለት ንባብ፣ አንድ ንባብም ብዙ አጻጻፍ ሊኖረው ስለሚችል፣ በተጻፉ ቃላትና በንባባቸው መካከል ያለው ዝምድና ብዙ ለብዙ ነው።

4. ወደ ቁጥሮች መሻገር

ተማሪው ይህን ከተረዳ በኋላ ወደ ቁጥር መሻገር አያዳግተውም። መካከለኛ ድልድይ የሚሆነን የዘመን አቆጣጠራችን ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረን ለ4 ስናካፍል 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ ነው፤ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ለምሳሌ 2015 ዓ.ም. ሲደመር 7515 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 3 ስለሚተርፍ ዘመነ ሉቃስ ነበረ፣ ጳጉሜንም 6 ቀን ሆነች። ከዓመት ወደ ወንጌላዊ ብዙ ለአንድ ነው። «ዘመነ ሉቃስ የትኛው ዓመት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን 2007፣ 2011፣ 2015 እያልን መቀጠል እንችላለን።

ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥርን በራሱ የማባዛት ደንብ ነው። 3ም ከዜሮ በታች ያለው 3ም በራሳቸው ሲባዙ 9 ይሆናሉ፤ ዝምድናው ብዙ ለአንድ ነው። በግራው ክብ ከዜሮ በታች ያሉትን ትተን ሌሎቹን ብቻ ብናስቀምጥ ግን፣ ደንቡ ሳይለወጥ አንድ ለአንድ ይሆናል። ስለዚህ ከጥያቄው በፊት ስብስቦቹን መወሰን የግድ ነው። «የእገሌ ቁጥር አካፋይ ነው» የሚለው ደንብ ደግሞ ለብዙ ለብዙ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ 2 የ4ም የ6ም አካፋይ ነው፣ 6ም 2ንም 3ንም አካፋይ አድርጎ ይዟል።

ዝምድናው በግራፍ ሲሣል ሁለቱ ጥያቄዎች ሌላ መልክ ይይዛሉ። የመጀመሪያው ስብስብ በአግድሙ መስመር ላይ ከሆነ፣ ሥዕሉን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ የሚያገኝ ቀጥ ያለ የቁም መስመር መኖሩ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «አለ» መሆኑን ያሳያል። ስለ አግድም መስመርም ለሁለተኛው ጥያቄ እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዲሪክሌ በ1837 እ.ኤ.አ. ስለ ፈንክሽን ሲጽፍ መሠረት ያደረገው ለእያንዳንዱ የመጀመሪያ ዋጋ አንድ የተወሰነ ዋጋ ብቻ እንዲኖረው ነው። ይህ በእኛ አነጋገር ለመጀመሪያው ጥያቄ «የለም» ብሎ መመለስ ነው።

5. ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነጥቦች

ተማሪዎች «አንድ ለአንድ» ሲባል የሚተርፍ አባል የሌለ ይመስላቸዋል። 30 ተማሪዎች በ40 ወንበሮች ላይ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቢቀመጡ ዝምድናው አንድ ለአንድ ነው፤ 10 ወንበሮች ባዶ መሆናቸው ስሙን አይለውጠውም።

የሚቀጥለውም መልመጃ ለጎበዞቹ ይጠቅማል። በግራ 3፣ በቀኝ 3 አባሎች ቢኖሩ 9 ቀስቶች ሊሣሉ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ቀስት ወይ ይሣላል ወይ ይቀራል። ስለዚህ በጠቅላላው 512 ዝምድናዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል ከእያንዳንዱ የግራ አባል በትክክል አንድ ቀስት የሚወጣባቸው 27 ናቸው። ከ27ቱም ሁለት ቀስቶች የማይገናኙባቸው 6 ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ 21 ብዙ ለአንድ ናቸው።

የነገሩ ጥቅም ከክፍል ውጭም ይታያል። ለፈተና የሚቀመጡ ተማሪዎች ቁጥር ሲሰጣቸው፣ ከተማሪ ወደ ቁጥር ያለው ዝምድና አንድ ለአንድ መሆን አለበት። ሁለት ተማሪዎች አንድ ቁጥር ቢይዙ፣ ከቁጥሩ ወደ ባለቤቱ የሚመለሰው መንገድ ይጠፋል፤ የአንዱ ውጤትም ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። ይህን የተረዳ ልጅ ትምህርቱ ለምን እንደሚያስፈልገው አይጠይቀንም።

ወደ ማስተማር ሥራ የምንሠማራ ተማሪዎች ሁሉ እንግዲህ ስሞቹን በሰሌዳ ላይ ከመጻፋችን በፊት ሁለቱን ጥያቄዎች እናስቀድም። ከየአገሩ ኑሮና ከየቋንቋው ሌሎች ምሳሌዎች ያሏቸው አንባቢዎችም በሚቀጥሉት ገጾች አሳባቸውን ቢያካፍሉን ለሁላችንም ይጠቅማል።