የሞተርን የአየር ፍሰት በአነስተኛ ወጪ መለካት፦ የኦሪፊስ ሳህንና የመኪና ሴንሰር

የአየርና የነዳጅ ጥምርታም ሆነ የሲሊንደር አሞላል ብቃት የሚሰላው ሞተሩ ከሳበው አየር መጠን ነው፤ ይህ ልክ ከተዛባ ሌላው ሁሉ ይዛባል። ለዚሁ የተሠሩ የላሚናር ፍሰት መለኪያዎች ትክክለኛ ቢሆኑም ዋጋቸው ለአንድ የማስተርስ ጥናት በጀት የሚቀመስ አይደለም። የሚቀሩት በቶርኖ የሚሠራ የኦሪፊስ ሳህንና ከአሮጌ መኪና የሚወጣ ባለ ትኩስ ሽቦ ሴንሰር ናቸው። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት ኦሪፊሱ ማመሳከሪያ፣ ሴንሰሩ ደግሞ የዕለት መለኪያ ሊሆኑ ይገባል። የኦሪፊስ ባሕርይ የፊት ጠርዙ ስለታም እስከሆነ ድረስ ከቀዳዳው ስፋት ሊሰላ ይችላል፤ የሴንሰሩ ቮልቴጅ ግን ለራሱ ቤትና ለራሱ የአየር ማጣሪያ የተስተካከለ ሲሆን አቧራም ይለውጠዋል።

1.3 ሊትር ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሠራ፣ የአሞላል ብቃቱ 80 በመቶ ቢሆን፣ በሰከንድ 26 ሊትር ያህል አየር ይስባል። በአዲስ አበባ አየር (77 ኪሎፓስካል ገደማ፣ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ) ይህ ፍሰት በ50 ሚሊሜትር ቀዳዳ ሲያልፍ፣ የፍሰት ኮኤፊሸንቱ 0.6 ከተወሰደ፣ የሚፈጥረው የግፊት ልዩነት 23 ሚሊሜትር ውኃ ያህል ነው። አሥር እጥፍ በሚያጎላ ያዘመመ ማኖሜትር 23 ሴንቲሜትር ሆኖ በግልጽ ይነበባል። በሚኒሞ ፍሰቱ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ግን ግፊቱ ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል፤ ማኖሜትሩ ላይ የሚቀረው 2.3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የአንድ ሚሊሜትር የንባብ ስሕተት በመጀመሪያው ሁኔታ 0.2 በመቶ፣ በሁለተኛው 20 በመቶ ያህል የፍሰት ስሕተት ያስከትላል። ስለሆነም ለዝቅተኛ ፍሰት ባለ 20 ሚሊሜትር ሌላ ሳህን ያስፈልጋል፤ ይህን በከፍተኛ ዙር መጠቀም ግን ሞተሩን ያፍነዋል።

ሁለተኛው ችግር የአየሩ ትርታ ነው። ግፊቱ የፍሰቱን ካሬ ስለሚከተል፣ አማካይ ግፊት ሁልጊዜ ከእውነተኛው የበለጠ ፍሰት ያሳያል። በኦሪፊሱና በሞተሩ መካከል የሚገጠም አየር የማያስገባ የ200 ሊትር በርሜል ትርታውን በእጅጉ ያለዝበዋል። ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ከመላው መሣሪያ ይህን የሚያህል ጥቅም የሚሰጥ የለም።

የከባቢ አየር ግፊትም ጥንቃቄ ይሻል። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል ተቀይሮ የተሰላ ነው። ተመራማሪው በአዲስ አበባ ከ77 ይልቅ 101 ኪሎፓስካል ወስዶ ቢያሰላ በኦሪፊሱ የሚያገኘው የአየር መጠነ ቁስ በ15 በመቶ ገደማ ይጋነናል። በቤተ ሙከራው ውስጥ የተነበበ ባሮሜትር፣ የስልክም ቢሆን፣ ይሻላል።

ሴንሰሩን ካሊብሬት ለማድረግ ከነማጣሪያ ቤቱ ከኦሪፊሱ ጋር በተከታታይ ተገጥሞ በሞተር ሳይሆን በብሎወር አየር ይሳብበታል፤ ፍሰቱ ያለ ትርታ የረጋ ይሆናልና። ከአሥር ያላነሱ ነጥቦች፣ በተለይ በዝቅተኛው ፍሰት አካባቢ ተቀራርበው፣ ሊወሰዱ ይገባል። ከዚያም ሞተሩ ላይ ተገጥሞ፣ በሚዛን የተለካው የቤንዚን ፍጆታ በ14.7ና በላምዳ ሴንሰሩ ንባብ ተባዝቶ ከአየሩ ልክ ጋር ይነጻጸራል። ልዩነቱ ከጥቂት በመቶ ካለፈ በቅድሚያ የሚፈተሸው በመጋጠሚያዎች በኩል የሚገባ አየር ነው።