ከታጠቅ እስከ ብላቴ

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣችው አውሮፕላን መድረሻዋ ብላቴ ነው ተብሎ ነበር። ብላቴ በደቡብ ኢትዮጵያ ያለ የጦር ማሠልጠኛ ነው። በዚያ ሰሞን ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ተማሪዎች እዚያ ገብተው ይሠለጥኑ ነበርና፣ ፕሬዚዳንቱ ሊጎበኟቸው ሄዱ ቢባል የሚጠረጥር አልነበረም። አውሮፕላኗ ግን ናይሮቢ አረፈች። ከዚያ ጉዞው ወደ ሐራሬ ሆነ። አገሩ በሙሉ የሰማው በሬዲዮ ነው። ሕዝቡን ለዓመታት «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ሲያስብሉ የኖሩት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ለቀው ወጥተዋል።

ይህን አወዳደቅ ለመረዳት ሁልጊዜ የምመለሰው ወደ ሌላ ማሠልጠኛ ነው፤ ወደ ታጠቅ። ታጠቅ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስሙ የአፄ ቴዎድሮስን የፈረስ ስም ያስታውሳል። መንግሥቱ ራሳቸው የሠለጠኑበት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤትም እዚያው መንገድ ላይ ትንሽ አለፍ ብሎ ይገኛል። በ1969 ዓ.ም. ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ገበሬዎች፣ እስከ 300,000 ይደርሳሉ የተባሉ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሚሊሻ ሆነው ወጡ። ትናንት ሞፈር የጨበጠ እጅ ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ተማረ።

ያ ገበሬ ለምን መጣ? የጉዳዩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ወታደራዊው ደርግ ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲቋቋም መንግሥቱ ከሐረር ሦስተኛ ክፍለ ጦር የተላኩ ሻለቃ ነበሩ። ከሻለቃ በላይ የሆነ መኮንን እንዳይወከል በመደረጉ ጀኔራሎቹ ከጨዋታው ውጭ ቀሩ፤ የሥልጣኑ መንገድ ለበታች መኮንኖች ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በደም የተጻፈ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 የደርጉ የመጀመሪያ ሊቀመንበር ጀኔራል አማን አንዶም በቤታቸው ተገደሉ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ስድሳ የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ጥር 26 ቀን 1969 ተራው የተተኪያቸው የጀኔራል ተፈሪ በንቲና የጓዶቻቸው ሆነ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ ደግሞ የምክትል ሊቀመንበሩ የኮሎኔል አጥናፉ አባተ። በከተማ ቀይ ሽብር ወጣቱን እያጨደ ነበር።

ታጠቅ የገባው ገበሬ ግን የሚያስበው ሌላ ነገር ነበረው። በየካቲት 1967 የወጣው አዋጅ መሬት ሰጥቶታል። በተለይ የደቡቡ ጭሰኛ በዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረሰውን ለራሱ አስገባ። ስለዚህ በሚያዝያ 1969 የእናት ሀገር ጥሪ ሲታወጅ፣ በሐምሌም የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲወር፣ ለአዲሱ ሊቀመንበር ለመንግሥቱ ሲል የሚዘምት አልነበረም። የሚዘምተው ለመሬቱና ለአገሩ ነው። ወራሪ ከውጭ መጥቶበታልና የጠላቱን ማንነት ማንም ሊነግረው አያስፈልገውም ነበር።

ከገበሬው ጎን የሠለጠነ መኮንን ነበረ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪዎች በንጉሡ ዘመን በተገዙት የአሜሪካ ኤፍ ፋይቭ ጄቶች ሰማዩን ያዙ። ጅግጅጋ በመስከረም 1970 ብትወድቅም ሐረርና ድሬዳዋ ጸኑ። የሶቪየት ኅብረት መሣሪያ በአየርና በባሕር ጎረፈ፤ ከ15,000 የማያንስ የኩባ ወታደርም ተሰለፈ። ወደ ጅግጅጋ የሚያስገባውን የካራማራን በር ፊት ለፊት ብቻ መግፋት ብዙ ሕይወት እንደሚያስከፍል ስለታየ፣ ጦሩ በሰሜን በኩል ተራራውን ዞሮ፣ ቀላል ብረት ለበሶች በሄሊኮፕተር ከተራራው ጀርባ ወርደው፣ ጅግጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ተመለሰች።

በእኔ እምነት የመንግሥቱ ውድቀት የጀመረው በዚህ ድል ማግስት ነው። የገበሬ ፈቃድ፣ የመኮንን ሙያና የባዕድ መሣሪያ አንድ ላይ ሆነው ያመጡትን ድል የቆራጡ መሪ ድል አድርገው ወሰዱት። በምሥራቅ የሠራው በሰሜንም ይሠራል ብለው ፊታቸውን ወደ ኤርትራ አዞሩ። በ1974 የቀይ ኮከብ ዘመቻ ታላቅ ጦር ቢሰለፍም ናቅፋ አልተያዘችም። የኤርትራው ሻዕቢያም ሆነ የትግራዩ ሕወሓት ባንዲራውን ይዞ ድንበር የተሻገረ የሌላ አገር ጦር አልነበረም፤ ከአገሬው የወጣ፣ የፖለቲካ መልስ የሚጠይቅ ኃይል ነው። መንግሥት ግን «ገንጣይና አስገንጣይ ወንበዴ» ብሎ ስም ከሰጠው በኋላ ከጥይት ሌላ የሚያናግርበትን መንገድ ዘጋ።

ታጠቅ የሠለጠነው ገበሬም በዚህ መሐል ከመንግሥት ራቀ። መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እህሉን አስረክብ ተባለ። ቤቱን አፍርሶ መንደር ግባ ተባለ። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ሕዝቡ ግን ነገሩን በራሱ ቃል «አፈሳ» አለው። አፈሳ መጣ በተባለ ቀን ገበያ ይበተናል። ጎረምሳው ጫካ ያድራል፤ ወይም እናቱ ጎተራ ውስጥ አስገብታ በላዩ ላይ ትከድናለች። የቀበሌ ሹም ኮታውን ለመሙላት ዕድሜው ያልደረሰውን ልጅ ከመንገድ ይይዛል። በ1969 በእልልታ የሸኘች እናት በ1979 ከመኪናው ኋላ እያለቀሰች ትሮጥ ነበር።

በዚያው በ1979 መጨረሻ ሪፐብሊክ ታውጆ ሊቀመንበሩ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ወታደራዊ ልብሱ በሱፍ ተተካ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። ግንባር ላይ ያለ አዛዥ ብቻውን አያዝም፤ ከጎኑ የፖለቲካ ኮሚሳርና የደኅንነት ሰው ተቀምጠው እያንዳንዳቸው ለየአለቃቸው ይጽፋሉ። ውጊያ የደቂቃ ውሳኔ ሲፈልግ ሦስት ሰው ይመክራል። ሽንፈት ሲመጣ ግን ተጠያቂው ወታደሩ ነው። በኤርትራ ግንባር የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጀኔራል ታሪኩ ዓይኔ በየካቲት 1980 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ተረሸኑ። በወሩ፣ በመጋቢት፣ አፍአበት በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፤ ናደውም ተደመሰሰ። ጦሩን የሚያውቀውን ሰው በጦርነት መካከል መግደል ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ 604ኛው ኮር ተሰበረ፤ ሠራዊቱ ትግራይን ለቆ ወጣ። ግንቦት 8 ቀን ፕሬዚዳንቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበሩ ጀኔራሎቹ ጦርነቱን በድርድር ለማቆም መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። መከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ ሲመክሩ ተከበቡ። ኤታማዦር ሹሙ ጀኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ጀኔራል አምሃ ደስታ ራሳቸውን ገደሉ፤ የኤርትራው ጦር አዛዥ ጀኔራል ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ ተገደሉ። በግንቦት 1982 ደግሞ አሥራ ሁለት ጀኔራሎች ተረሸኑ። አገሪቱ በብዙ ዓመት ያፈራቻቸው መኮንኖች በአንድ ዓመት ውስጥ አለቁ።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ስትያዝ የአስመራው ጦር ከባሕር ተቆረጠ። ሞስኮ በጎርባቾቭ ዘመን እጇን እየሰበሰበች ነበር። ቅይጥ ኢኮኖሚ የታወጀው ያኔ ነው፤ ገበሬው ወዲያው የመንደር ምሥረታ ቤቱን እያፈረሰ ወደ ቀድሞ ቀዬው ሲመለስ ምን ያህል እንደከፋው ታየ። አዋጁ ግን ዘግይቶ ነበር።

የቀረው ታሪክ ግንቦት 20 ቀን 1983 አማፅያኑ አዲስ አበባ ሲገቡ አለቀ። በሌሉበት የተከሰሱት ኮሎኔል መንግሥቱ በታኅሣሥ 1999 በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ፤ ዕድሜ ልክ እስራቱ በ2000 በይግባኝ ወደ ሞት ፍርድ ተለወጠ። ዚምባብዌ ግን አሳልፋ አልሰጠቻቸውም።

ወታደሩ አውሮፕላን አልነበረውም። የአስመራው ጦር ቁስለኛውን እየደገፈ በእግሩ ሱዳን ገባ። መርከበኛው ወደ የመን ተሻገረ፤ የብላቴ ተማሪዎች ኬንያ ተሰደዱ። በየመንገዱ የለበሰውን ካኪ እንደለበሰ ለቁራሽ እጁን የዘረጋው ታጠቅ የሠለጠነው፣ ካራማራ የተዋጋው ሰው ነበር። ዛሬ በሕይወት ያሉት ሰባ ዓመት የሞላቸው ወይም ሊሞላቸው የተቃረበ ሽማግሌዎች ናቸው፤ በቁጥርም በየዓመቱ ያንሳሉ። በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ አንድ ካለ፣ ማን እንደወሰደው፣ የት እንደዘመተ፣ እንዴት ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ጠይቁት፤ የሚነግራችሁንም ጻፉት።