«ጦስኝ ስንት ነው?»

ሾላ ገበያ ቅመም ተራ ገብቶ «ጦስኝ ስንት ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ነጋዴዋ ዋጋ ትነግረዋለች። ይኸው ጥያቄ አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ግቢ ውስጥ ቢነሳ ግን መልሱ «ሁለት ነው» የሚል ይሆናል። ከሻይ ጋር የሚፈላው፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የሚገባው ያ ደረቅ ቅጠል አንድ ተክል አይደለም። በሸዋና በባሌ ደጋ የሚታየው ታይመስ ሺምፔሪ ይባላል፤ ወደ ሰሜኑ ተራሮች ሲወጣ ደግሞ ታይመስ ሴሩላተስ ይመጣል። ሁለቱም የኢትዮጵያ ብርቅዬ ዕፅዋት ተብለው ተመዝግበዋል። የገበያ ስማቸው ግን አንድ ነው።

ስሞቹ ራሳቸው ታሪክ አላቸው። ሴሩላተስ በላቲን ጥቃቅን የመጋዝ ጥርስ ያለው እንደማለት ነው፤ የቅጠሉን ጠርዝ ያየ ሰው ያወጣው ስም መሆኑ ያስታውቃል። ሺምፔሪ ደግሞ ቪልሄልም ሺምፐር የተባለውን ጀርመናዊ ያስታውሳል። ሰውዬው በ1837 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ እዚሁ አግብቶ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ዕፅዋት ሲለቅምና ሲያደርቅ ኖሮ በ1878 አድዋ ላይ አረፈ። ያደረቃቸው ቅጠሎች ዛሬም በአውሮፓ ሙዝየሞች መደርደሪያ ላይ አሉ።

እንዲህ ያለው ነገር ልቡን የሚስበው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጽ ፊት ሲቀርብ የመጀመሪያው ችግር ይገጥመዋል። የሚፈልገው ትምህርት በስሙ የለም። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ዝርዝር ውስጥ «ቦታኒ»፣ ማለትም የዕፅዋት ጥናት፣ የሚል ዲፓርትመንት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ትምህርቱ አለ፤ የተቀመጠው ግን በሌላ ስም ነው። «ባዮሎጂ» በሚለው ውስጥ የተወሰነው ክፍል አለ፤ በግብርናው በኩል «ፕላንት ሳይንስ» አለ፤ የተረፈው በደን ሳይንስ፣ በሆርቲካልቸር፣ በባዮቴክኖሎጂ ተበታትኗል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ፕላንት ሳይንስ የሚለውን አይቶ «በቃ ቦታኒ ማለት ይሄ ነው» ብሎ የሚሞላ ተማሪ፣ ሐረማያ ወይም ሐዋሳ ደርሶ የሚማረው በዋናነት ስለ ሰብል መሆኑን ሲያውቅ ይደነግጣል። አዘራር፣ ማዳበሪያ፣ አረም፣ ምርጥ ዘር፣ የመስኖ ውሃ ልክ ይማራል። የጫካ አበባ ስም ሊለይ የሄደ ልጅ የበቆሎ ማሳ ላይ ሜትር ይዞ ይቆማል። በሌላ በኩል «ባዮሎጂ ደረሰኝ» ብሎ በረጅሙ የሚተነፍሰው ተማሪ፣ ጎረቤቱ ሕክምና ስለገባ የተበደለ ቢመስለውም፣ ወደ ዕፅዋት ጥናት የሚወስደውን ቀጥተኛ መንገድ ሳያስበው አግኝቶታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዕፅዋት ራሳቸውን ችለው በስም የሚወጡት በዋናነት በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ ነው።

ስለዚህ ከዲፓርትመንቱ ስም በፊት ጥያቄው ይለይ። ተማሪው ማወቅ የሚፈልገው ተክሉ ማን እንደሆነ ነው? ለምን እንደታመመ ነው? ወይስ እንዴት የተሻለ ምርት እንደሚሰጥ? ሦስቱም ሦስት የተለያዩ በሮች ናቸው፤ በየበሩ የገቡ ኢትዮጵያውያንም አሉ።

ገቢሳ ኢጀታ በሦስተኛው በር ገቡ። ወሎንኮሚ አካባቢ የተወለዱት እኚህ ሰው በልጅነታቸው እሑድ ማታ ሃያ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው፣ ሳምንቱን ተምረው፣ ዓርብ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ከዓለማያ፣ ከዛሬው ሐረማያ፣ ተመረቁ፤ ዶክትሬታቸውን አሜሪካ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሠሩ። ስማቸው ከአቀንጭራ ጋር የተሳሰረ ነው። አቀንጭራን የማሽላ ገበሬ ያውቀዋል፤ ከላይ ሲታይ ደስ የሚል ሐምራዊ አበባ ነው፣ ከአፈር በታች ግን ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ተክሎ ይመጠምጠዋል። አንዷ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር፣ አቧራ የሚያክል ዘር ትበትናለች። ዘሩም ተንኮለኛ ነው። መሬት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና የሚነቃው እንደ ማሽላ ያለ ተክል ሥር የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ ነው። ገቢሳና የፐርዱ ባልደረቦቻቸው ይህን ኬሚካል በጣም ጥቂት ብቻ የሚለቁ የማሽላ ዝርያዎችን ፈልገው አገኙ፤ አረሙ የሚቀሰቅሰው አጥቶ እንደተኛ ይቀራል። ይህ ሥራ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን አስገኝቶላቸዋል።

ከዚህ ታሪክ ተማሪ ሊይዘው የሚገባው ሽልማቱን ሳይሆን ኬሚስትሪውን ነው። ቦታኒን ከሒሳብና ከኬሚስትሪ መሸሸጊያ አድርገው የሚመርጡ ልጆች አሉ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ስታትስቲክስ እዚያም ይጠብቋቸዋል።

በሁለተኛው በር የገቡት ሰገነት ቀለሙ ናቸው። የፍኖተ ሰላም ልጅ ሲሆኑ፣ ግብርናን የመረጡት የአንበጣ መንጋ የአካባቢውን ሰብል ጠርጎ ሲበላ በልጅነታቸው አይተው እንደሆነ ራሳቸው ተናግረዋል። እሳቸውም ዓለማያ ተምረው በ1979 እ.ኤ.አ. ተመረቁ፤ አሜሪካ ሞንታናና ካንሳስ ቀጠሉና የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆኑ። ኮሎምቢያ በሚገኝ ዓለም አቀፍ የግብርና ማዕከል ለረጅም ዓመታት ሠርተው ወደ አፍሪካ ተመለሱ፤ በ2013 ናይሮቢ የሚገኘውን ኢሲፔ የተባለ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መምራት ጀመሩ። በማግስቱ ዓመት ሎሪያልና ዩኔስኮ ለሴት ሳይንቲስቶች በጋራ ከሚሰጡት ሽልማት ተሸላሚዎች አንዷ ነበሩ። ሁለቱም፣ ገቢሳም ሰገነትም፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸው «ቦታኒ» አይልም።

የመጀመሪያው በር፣ «ተክሉ ማን ነው?» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ተረስቶ የሚቀር ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ ትዕግሥቱ ብዙ ነው። ሀገሪቱ ግን በዚህ በር ባይገባላት ኖሮ የራሷን ዕፅዋት ስም ለማወቅ ሎንዶንና ፍሎረንስ ደጅ ስትጠና ትኖር ነበር። የሺምፐርና የመሰሎቹ ናሙናዎች የተቀመጡት እዚያ ነውና። በ1980 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት አንድ በአንድ ለይቶ የመጻፍ ሥራ ጀመሩ። ሥራው ስምንት ቅጽ ሞልቶ የመጨረሻው መጽሐፍ የወጣው በ2009 ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት! በዚህ ሥራ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዘገቡ፤ ከአስሩ አንዱ ገደማ ሌላ ሀገር የማይገኝ ነው። መጽሐፉ ሲጻፍ ጎን ለጎን ኢትዮጵያውያን እየሠለጠኑ ነበር። ኋላ ሥራውን ከመሩት አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ዶክትሬታቸውን የሠሩት ኡፕሳላ ነው፤ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልንም መርተዋል።

የዚህ ሁሉ ሥራ ልብ አራት ኪሎ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን በውስጡ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የደረቁ ዕፅዋት ተቀምጠዋል። የብረት ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል። ውስጡ አቃፊ በአቃፊ ላይ ተደርድሯል፤ በየወረቀቱ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ከነአበባው ተሰፍቶ ወይም ተለጥፎ ይታያል። በቀኝ በኩል፣ ግርጌው ላይ፣ ትንሽ ጽሑፍ አለች፤ የት፣ መቼ፣ በስንት ሜትር ከፍታ፣ በማን እጅ እንደተለቀመ ትናገራለች። ጽሑፏ የሌለችበት ናሙና የቱንም ያህል ቢያምር ገለባ ነው። አዲስ የመጣ ናሙና ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል፤ አንዲት ነቀዝ ተደብቃ ከገባች የሃምሳ ዓመት ልፋት ትበላለችና። ዩኒቨርሲቲ የሚመርጥ ተማሪ ግቢውን ሲጎበኝ ስለ ካፌውና ስለ ዶርሙ ይጠይቃል። ሄርባሪየም፣ ችግኝ ማፍያ ቤትና የመስክ ትምህርት መኖራቸውንም ቢጠይቅ አይከፋም።

ፈረንጅ ሀገርም ቢሆን «ቦታኒ» የሚለው ስም እየጠፋ ነው። በእንግሊዝ «ቦታኒ» የሚል ዲግሪ ይሰጥ የነበረው የመጨረሻው ዩኒቨርሲቲ ብሪስቶል ሲሆን፣ ትምህርቱ ከቆመ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ልጃቸው ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ የሚማርላቸው ወላጆች ሊፈልጉ የሚገባቸው «ፕላንት ባዮሎጂ» ወይም «ፕላንት ሳይንስ» የሚሉትን ነው፤ እስራኤል ላሉት ደግሞ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ረሖቮት ይገኛል። የትም ሀገር ቢሆን ግን ትልቅ ስም ዋስትና አይሆንም። በአሜሪካ የታወቀው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ከ800,000 በላይ ናሙና የያዘውን ሄርባሪየሙን እንደሚዘጋ ያስታወቀው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው።

እዚህ ሀገር የተመደበ ተማሪ አራቱን ዓመት እንዴት ይጠቀምበት? የፍሬሽማኑ ዓመት የጋራ ኮርስ ስለሆነ ብዙ አያስመርጥም፤ ዲፓርትመንት ሲመረጥ ውጤት ስለሚቆጠር ግን ችላ የሚባል አይደለም። ከዚያ በኋላ ጄኔቲክስ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ኢኮሎጂና ስታትስቲክስ መሠረቶቹ ናቸው፤ ኮምፒዩተር ላይ መረጃ መተንተንና ካርታ መሥራት የሚችል ልጅ ከጓደኞቹ ቀድሞ ሥራ ያገኛል። ላቲን አያስፈራ። አዲስ ዝርያ በላቲን ካልተገለጸ አይጸድቅም የሚለው የቆየ ሕግ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል፤ እንግሊዝኛም ይበቃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ሃምሳ በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም።

ከሁሉ በላይ ግን ሲኒየር ኤሴይ ላይ የሚመረጠው ርዕስ ነው መንገድ የሚያስይዘው። አብዛኛው ተማሪ ከታላላቆቹ የወረሰውን ርዕስ የቦታ ስም ቀይሮ ያቀርባል፤ አድቫይዘሩም ያውቃል፣ ያልፋል። ደፋሩ ግን ሰፈሩን ያያል። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ለዶክትሬታቸው የመረጡት የደቡብ ጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ነበር። ዙሪያው እርሻ ሆኖ ደን የቀረው በየደብሩ ቅጥር ብቻ ነውና፣ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዞረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዘገቡ። ጽሑፉ በ2007 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድ፣ ቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ቀረበ። ያ ደን ለአካባቢው ሰው የደብሩ ጥላ ነው፤ ከተሜ ተማሪም ቢሆን ለክርስትናም ለቀብርም ስንት ጊዜ አልፎበታል።

ሥራውስ? እውነቱን ለመናገር ከባዮሎጂ ተመራቂ ብዙው የሚያርፈው ጠመኔ ላይ ነው። በዕፅዋት የቀጠለው ደግሞ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዘር ባንክ፣ ጅማ የቡና ምርምር ወይም ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ የወጣበት የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ይገኛል። የአበባ እርሻዎች የበሽታ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ወደ ውጭ የሚሄድ ቡናና አበባ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ካልያዘ ስለማያልፍ የኳራንቲን ሥራም አለ። ለየክረምቱ የሚፈላው ችግኝም ሰው ይጠይቃል። የጥቁር እንጨት ዘር ደርቆ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ አይበቅልም፤ ይህን የማያውቅ ችግኝ ጣቢያ ዓመቱን ሙሉ ባዶ አፈር ሲያጠጣ ይከርማል።

የሚያመነታ ተማሪ ፍላጎቱን የሚፈትንበት ርካሽ መንገድ አለ። መስከረም ላይ አደይ አበባ ሲፈነዳ አንዱን ከነሥሩ ነቅሎ፣ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አስተኝቶ፣ ቅጠሎቹን በጣቱ ዘርጋ ዘርጋ አድርጎ፣ አንዱን ቅጠል ጀርባው እንዲታይ ገልብጦ፣ ከላይና ከታች ካርቶን አድርጎ በከባድ ነገር ይጫነው። በሚቀጥለው ቀን ጋዜጣው እርጥበት ጠጥቶ ይገኛል፤ በደረቅ ይለወጣል። ሳምንት ያህል በየቀኑ መለወጥ አለበት፤ አንድ ቀን የተዘለለ እንደሆነ ሻጋታው አይምርም። በአራተኛው ቀን የሰለቸው ልጅ ስለ ራሱ አንድ ነገር አውቋል። ያልሰለቸው ደግሞ ደረቁን ተክል ወረቀት ላይ ይሰፋና ግርጌው ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ተክሉ በአካባቢው የሚጠራበትን ስም፣ የአበባውን ቀለም ይጽፋል። ከራሱ ስም አጠገብ ቁጥር ያስቀምጣል። ዕፅዋት ሰብሳቢ ሁሉ የራሱ ተራ ቁጥር አለው፤ ሀገር ቢቀይር፣ መሥሪያ ቤት ቢቀይር፣ ቁጥሩ እየተከተለው ይቀጥላል። ለዚህች አደይ አበባ የሚጻፈው 1 ነው።