ስለ መንግሥት የቴክኖሎጂ አገልግሎት ጨረታና ስለ ነጥብ አሰጣጡ ትክክለኛነት

ገብሱን ለመሸጥ ወደ አሰላ ገበያ የሚመጣ ገበሬ አስቀድሞ የሚመለከተው ሚዛኑን ነው። እህሉ ከተራገፈ በኋላ ሚዛኑ ቢለወጥ ግን፥ ምንም እንኳ ገዢውም እህሉም ያው ቢሆኑ፥ ገበሬው እንደ ተበደለ ያውቃል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነውም ይህንኑ ነው፤ ይኸውም አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር መረብ ለማዘርጋት፥ ሶፍትዌር ለማሠራት ወይም መሣሪያዎቹን ለማስጠገን ጨረታ ሲያወጣ፥ ተጫራቾች የሚመዘኑበት ሚዛን መቼና እንዴት መወሰን እንዳለበት ነው።

በመጀመሪያ፥ የዕቃ ግዢና የአገልግሎት ግዢ አንድ አለመሆናቸውን መለየት ያስፈልጋል። የብቅል ፋብሪካ ገብስ ሲገዛ የፍሬውን መጠን፥ እርጥበቱንና የፕሮቲኑን ልክ በላቦራቶሪ መርምሮ ሊያውቅ ይችላል። አገልግሎት ግን ጨረታው በሚከፈትበት ቀን ገና አልተፈጠረም፤ በፖስታው ውስጥ ያለው ተስፋ ብቻ ነው። ከአሰላ ወደ ደቡብ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በበቆጂ የአንድ ጤና ጣቢያ የመዝገብ ሥርዓት ቢቋረጥ፥ ጠጋኙ በማግሥቱ ይመጣል ወይስ በወሩ? መለዋወጫው ከየት ይገኛል? የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ሥርዓቱን የሚማሩት ከማን ነው? ይህ ሁሉ በዋጋው ቁጥር ውስጥ አይታይም። ስለዚህ ኮሚቴው ለቴክኒክ ብቃትና ለዋጋ ለየብቻ ነጥብ እየሰጠ ሁለቱን ይደምራል።

ሕጉን በተመለከተ፥ የፌዴራል መንግሥት ግዢ በዐዋጅ ቁጥር 430/1997፥ ቀጥሎም በዐዋጅ ቁጥር 649/2001 ይመራ ነበር፤ በኋላም በእነርሱ እግር ዐዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። በ2006 ዓ.ም. የተቋቋመው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ስለ ሆነ የሚገዛው በፌዴራሉ ሕግ ሲሆን፥ የዞንና የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ግን የኦሮሚያን ክልል ሕግ ይከተላሉ። ይሁን እንጂ የጨረታ ሁሉ መሠረቱ አንድ ነው፤ መመዘኛው በጨረታው ሰነድ አስቀድሞ ይነገራል፥ በሰነዱ ያልተጻፈ መመዘኛም ነጥብ አይሰጥበትም።

ይህ ደንብ ለምን አስፈለገ? ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ መሥሪያ ቤት በአሰላ፥ በሳጉሬና በበቆጂ መረብ ዘርግቶ ለሦስት ዓመት የሚጠግን ድርጅት ይፈልጋል እንበል። ድርጅት «ሀ» 2,000,000 ብር ጠይቆ በቴክኒክ ከመቶ 70 አገኘ። ድርጅት «ለ» ደግሞ 2,500,000 ብር ጠይቆ 90 አገኘ። በተለመደው ስሌት ዝቅተኛው ዋጋ 100 ነጥብ ያገኛል፤ የሌላው ነጥብ የሚገኘው ዝቅተኛውን ዋጋ ለእርሱ ዋጋ አካፍሎ በመቶ በማባዛት ነው። ስለዚህ በዋጋ «ሀ» 100፥ «ለ» 80 ይሆናሉ።

አሁን ለቴክኒክ 70፥ ለዋጋ 30 እጅ ብንሰጥ «ሀ» 79፥ «ለ» 87 ያገኛሉ፤ አሸናፊው «ለ» ነው። ለቴክኒክ 40፥ ለዋጋ 60 እጅ ብንሰጥ ግን «ሀ» 88፥ «ለ» 84 ይሆናሉ፤ አሸናፊው «ሀ» ነው። እኩል 50 በ50 ቢደረግ ሁለቱም 85 ላይ ይገናኛሉ። አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባው ነገር፥ ከሁለቱ ክፍፍሎች የትኛውም በራሱ ሐሰት አለመሆኑን ነው። ነገር ግን ክፍፍሉ የተወሰነው ፖስታው ከተከፈተ በኋላ ከሆነ፥ ኮሚቴው የመረጠው ሚዛኑን ሳይሆን አሸናፊውን ነው። አንዲት የመደመር ስሕተት ሳይፈጸም ፍርድ ሊጣመም ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ የረቀቀ ሌላም ነገር አለ። ክፍፍሉ አስቀድሞ 40 በ60 ተብሎ ተነግሮ ሳለ፥ ሦስተኛ ድርጅት «ሐ» 1,000,000 ብር ብቻ ጠይቆ ገባ እንበል፤ በቴክኒክ ያገኘው ግን 40 ስለ ሆነ፥ 60 ከተባለው ከማለፊያው ነጥብ በታች ወደቀ። ኮሚቴው የወደቀውን የ«ሐ»ን ዋጋ እንደ ዝቅተኛ ዋጋ ቢይዘው፥ የ«ሀ» የዋጋ ነጥብ 50፥ የ«ለ» ደግሞ 40 ይሆናል። ድምሩም «ሀ» 58፥ «ለ» 60 ይመጣል። ቀድሞ በ4 ነጥብ ይመራ የነበረው «ሀ»፥ ራሱ ማሸነፍ በማይችል ሦስተኛ ሰው ምክንያት ተሸነፈ። እንግዲህ የቴክኒኩና የዋጋው ሰነድ በየፖስታው ለየብቻ የሚታሸግበት፥ በቴክኒክ የወደቀ ተጫራችም የዋጋ ፖስታው ሳይከፈት የሚመለስለት ለወግ ያህል ብቻ አይደለም። «ለ» ወዳጁን አታልሎ ለማስገባት በሩ እንዳይከፈትለት ነው።

ሚዛኑ ጨረታው ሳይወጣም ሊዛባ ይችላል። የሚፈለገው ሥራ በአገልግሎቱ ልክ መገለጹ ቀርቶ በአንድ ፋብሪካ ምልክት ከተገለጸ፥ ውድድሩ ከመጀመሩ አልቋል። እንዲሁም ከዚህ ቀደም እጅግ ትልልቅ ውሎችን የፈጸመ ብቻ ይወዳደር ከተባለ፥ በአሰላ ከተማ የተቋቋመ አነስተኛ ድርጅት የመጀመሪያውን ውል ከቶ ሊያገኝ አይችልም። በሌላ በኩል ግን «የአገራችን ልጅ ነው» ተብሎ ያልተጻፈ ነጥብ መስጠትም ያው አድልዎ ነው። ቅርበት የሚጠቅም ከሆነ፥ «ጥሪ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ በበቆጂ መገኘት» ተብሎ በሰነዱ ይጻፍ፤ ያን ጊዜ የአዲስ አበባውም የአሰላውም ድርጅት አውቀውት ይቀርባሉ።

ውድድር ሲጠብና ሲሰፋ የሚሆነውን ከአገራችን ታሪክ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2006 የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከቻይናው ዜድቲኢ ኩባንያ ጋር ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ፥ በብድር የሚከፈል ስምምነት አደረገ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው በኢትዮጵያ ስላለው ሙስና በሚያትት ጥናት፥ ይህ ግዢ የውድድር ጉድለት እንደ ነበረበት ተተችቷል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት አዲስ የቴሌኮም ፈቃዶች ለጨረታ ሲቀርቡ፥ ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን፥ ኤምቲኤን ደግሞ 600 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡ፤ የተሰጠው ግን ለመጀመሪያው አንድ ፈቃድ ብቻ ነበር። ይህ ሁለተኛው ጉዳይ የፈቃድ ሽያጭ እንጂ የአገልግሎት ግዢ አይደለም፤ ቢሆንም ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ያቀረቡት ገንዘብ በአደባባይ ስለ ታወቀ፥ ማንም ዜጋ ውሳኔውን መርምሮ ለመደገፍም ለመንቀፍም ችሏል። በፊተኛው ግን የሚነጻጸር ነገር አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፥ ክፍፍሉና ማለፊያው ነጥብ በሰነዱ ላይ በቁጥር ይጻፉ። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ገምጋሚ ከጓደኞቹ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ነጥቡን ለብቻው ጽፎ ይፈርም፤ ከተጫራች ጋር ዝምድና ወይም ጥቅም ያለውም ራሱን ያግልል። ሦስተኛ፥ ለተሸነፈው ተጫራች ነጥቡና ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው። ቅሬታ የማቅረብ መብት በሕግ የተሰጠ ቢሆንም፥ የወደቀበትን ምክንያት የማያውቅ ሰው በምን ላይ ቅሬታ ያቀርባል?

የተበደለ ድርጅት ዳግመኛ ለጨረታ አይመጣም። ተወዳዳሪም ባነሰ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፥ ሥራውም ይከፋል፤ በመጨረሻም ዕዳውን የሚከፍለው ካርዱ ጠፍቶበት በበቆጂ ብርድ ከጤና ጣቢያ ደጃፍ ቆሞ የሚጠብቀው በሽተኛ ነው። ነገ ከእኛ ከተማሪዎቹ ብዙዎቻችን በእንዲህ ያለ ኮሚቴ ውስጥ ስለምንቀመጥ፥ ከዛሬው ሚዛኑን ማንበብ ልንማር ይገባናል።