ዋግምት፣ ኮሶ እና የሐኪም መድኃኒት

የባህል ሕክምና ከሐኪም መድኃኒት ጋር ጎን ለጎን ሲወሰድ ደጋፊ፣ መድኃኒቱን አስትቶ ሲተካ ደግሞ አማራጭ ሕክምና ይባላል። ልዩነቱ የነፍስ ጉዳይ ነው።

በመንዝና በግሼ ደጋ አያቶቻችን ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን የኮሶ ትል የሚያስወጡት በኮሶ ዛፍ አበባ ነበር። አበባው ያሽራል፤ ሲበዛ ግን ይመርዛል። ዛሬ መጠኑ የታወቀ ኪኒን አለ።

ዋግምትም (ሒጃማ) ሱና ነው። ሆኖም ሌላ ሰው የተበጣበት ምላጭ ሄፓታይተስ ቢን እና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ስለሚችል አዲስ ምላጭ ጠይቁ። የቲቢ፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ ዋግምት ታገምኩ፣ ጥቁር አዝሙድ ወሰድኩ ብሎ አያቋርጥ፤ የሚወስደውንም ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር።

ሰበብ ማድረስ ከተወኩል አይቃረንም። ሺፋው ከአላህ ነው።